ከወደቡ በር እስከ መደብሩ ባንኮኒ

እ.ኤ.አ. በጥር 1908 ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረመችውና በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ 10 አድርጎ ሲወስን ለአልኮል መጠጥ ግን ከመቶ 8 ብቻ ፈቀደ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከገባ ገና አምስት ዓመት ገደማ ነበር። በዚያ ሐዲድ ከሚጫነው ዕቃ ጨርቁና ቆርቆሮው ከኮኛኩ የበለጠ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። ጅቡቲ ላይ በትራንዚተርነት የምንሠራ ሰዎች የመጠጥ ኮንቴይነር ሰነድ ስናዘጋጅ የምናየው ቀረጡን፣ የዕቃውን ዓይነትና ማሸጊያውን ነው። ጠርሙሱ የጋላፊን ድንበር ካለፈ በኋላ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደሚሸጠው በሰነዱ ላይ ቦታ የለውም። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ያ ነው እላለሁ፤ ውስኪና ሌላ ጠንካራ መጠጥን በችርቻሮ የሚሸጥ፣ ትርፍ የማያሳድድ የሕዝብ መደብር ለኢትዮጵያ ያስፈልጋታል።

የወይን አምራች አገሮች ጫና በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። አይስላንድ መጠጥን ከከለከለች በኋላ፣ ጨው ዓሣዋን የምትገዛት ስፔን ወይኔን ካላስገባሽ በዓሣሽ ላይ ቀረጥ እጨምራለሁ አለቻት። ኖርዌይም ከፈረንሳይ፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል ተመሳሳይ ግፊት ገጠማት። ሁለቱም በሩን ዘግተው መቆየት አልቻሉም፤ ነገር ግን በሩን ሲከፍቱ ባንኮኒውን በእጃቸው አደረጉ። ሁለቱም የመንግሥት የመጠጥ ድርጅታቸውን ያቋቋሙት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ቀረጥ የጠርሙሱን ዋጋ ይወስን ይሆናል እንጂ የሻጩን ፍላጎት አይለውጥም። ደመወዙ በሽያጩ የማይጨምር ሻጭ ግን ለሰከረ ሰው አልሸጥም ቢል የሚያጣው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚህ በተቃራኒው፣ ከባንኮኒው ይልቅ ፋብሪካውን ያዘ። በደርግ ዘመን ጉደርንና አክሱማይትን የሚጠምቀው አዋሽ ወይን ጠጅ የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም እንዲሁ ነበር። ፋብሪካ ግን የማንም ይሁን የማን፣ የተመረተው ተሽጦ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ለግል ባለሀብቶች መሸጡ፣ በማግስቱ ዓመትም ካስቴል የተባለው ኩባንያ በዝዋይ የጠመቀውን ወይን ለገበያ ማቅረቡ አያስቆጨኝም፤ ወይን መጥመቅ የመንግሥት ሥራ አልነበረምና። የሚያስቆጨኝ ችርቻሮውን ማንም ሳያስብበት መቅረቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አግዷል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየሠፈሩ ግሮሰሪ የሚያስከብረው ያው በእያንዳንዱ ጠርሙስ የሚያተርፈው ሰው ነው።

«ኮንትሮባንዱን ታበዛላችሁ» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከወደብ ሥራ ጋር የሚኖር ሰው ይህን አቃልሎ ሊያየው አይችልም። ኮንትሮባንድ የሚመጣው በዋጋ ልዩነት ነው፤ የሕዝብ መደብር ደግሞ ዋጋ እንዲጨምር አያስገድድም። ለጅምላ አከፋፋይና ለቸርቻሪ የሚሄደው ትርፍ ሲቀር፣ ቀረጡ ሳይነካ ዛሬ ባለው ዋጋ መሸጥ ይቻላል። እንዲያውም ሕጋዊ ጠርሙስ የሚሸጥበት ቦታ ተለይቶ ሲታወቅ፣ ሕገወጡን ማጣራት ይቀላል። ሌላው ተቃውሞ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚጠጣው የቤት ጠላና አረቄ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መደብሩ የገጠሩን አረቄ አውጪ እናት ኑሮ መንካት የለበትም፣ አይችልምም። የእኔ ክርክር በከተማ ስለሚሸጠው፣ ፋብሪካ ወይም መርከብ ስላመጣው ጠንካራ መጠጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መንግሥት ገንዘቡን ሲለምድ ሻጭነቱን ይወዳል የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በየቀኑ ይታያል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ለረጅም ዘመን በዋናነት የገባው በአንድ ኩባንያ፣ በሶጂክ፣ በኩል ነው፤ ለመንግሥትም ቀረጥ ያስገባል። መግቢያው አንድ መሆኑ ቀረጥ መሰብሰቡን አቅልሏል፤ ጫት ቃሚውን ግን አልቀነሰም፤ የሚያስገባው ኩባንያም ሆነ የሚቀርጠው መንግሥት እንዲቀንስ የሚያደርግ ምክንያት የላቸውምና። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ድርጅቱ ተጠሪ በሚሆንለት መሥሪያ ቤት ላይ ነው። የመንግሥት የመጠጥ መደብሮች የሆኑት የስዊድኑ ሲስተምቦላጌትና የኖርዌዩ ቪንሞኖፖሌት ተጠሪነታቸው ለጤና ጉዳይ ሚኒስቴሮች እንጂ ለገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም፤ የፊንላንዱ አልኮም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። የኢትዮጵያው ተጠሪነቱ ለገንዘብ ሚኒስቴር ከሆነ ግን ባይቋቋም ይሻላል።

የእነዚህ መደብሮች የወደፊት ዕጣም የተረጋጋ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን መጠጥ በብቸኝነት የማስገባቱን መብት አጣች፤ የችርቻሮውን ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ1997 አጸናላት። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ ከመቶ 5.5 የአልኮል መጠን ያላቸውን መጠጦች፣ በ2024 ደግሞ እስከ ከመቶ 8 ያላቸውን በእርሾ የተጠመቁ መጠጦች ለሱፐርማርኬት ለቃለች። ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመው፣ አስመጪነቱን ለግል ነጋዴ ትቶ ችርቻሮውን ብቻ መያዝ የሚቻል መሆኑ ነው። ጅቡቲ ላይ ያለው አስመጪም ሆነ ትራንዚተር ሥራውን አያጣም። ኮንቴይነሩ እንደ ወትሮው ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ የሚለወጠው የሚራገፍበት መደብር ነው። ሙከራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በጥቂት መደብሮች፣ በውስኪ፣ በጂንና በቮድካ ብቻ ሊጀመር ይችላል። ቢራውና ወይኑ ባሉበት ይቆዩ።