ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠማዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቅ የብስክሌት ጉዞ በዚህ በኩል ሲያልፍ፣ ብስክሌተኞቹ ከደጀን ወርደው ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጡ ነበር። ብዙ የሚወራለት ዳገቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በአንድነት 110 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረውን የሚሸከመው፣ ፍሬኑ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ያ ስስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው።

ዛሬ ዲስክ ፍሬን ተስፋፍቷል። ቢሆንም ሩቅ የሚጓዙ ሰዎች ይህን የቆየ ፍሬን ያልተዉት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ሁሉ ነገሩ በዓይን ይታያል፣ በሁለት ቁልፍ ይፈታል፣ ሽቦው ቢበጠስ በየከተማው ይገኛል። በዘይት ግፊት የሚሠራው የጀርመኑ ማጉራ ኃይለኛና አስተማማኝ ነው፤ ዘይቱ መንገድ ላይ ከፈሰሰ ግን የሚደርስልን ስለማይኖር ለሩቅ ጉዞ እኔ ሽቦውን እመርጣለሁ።

ጓዝ ለሚጭን ብስክሌት የሚሆኑት በዋናነት ሁለት ናቸው። ካንቲሊቨር አጫጭር ክንዶች አሉት፤ ከላይ የሚመጣው ሽቦ በሁለቱ ክንዶች መካከል የተዘረጋውን ሌላ ሽቦ ወደ ላይ ይስባል። ቪ ፍሬን ደግሞ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ሲሆን ክንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንድ ሽቦ ከጎን ገብቶ ሁለቱንም ያቀራርባቸዋል። ለማስተካከል ቪ ፍሬን ይቀላል፤ መሪው ቀጥ ያለ ከሆነ ምርጫው አያከራክርም።

መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ሲሆን ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የዚያ መሪ እጀታ የሚስበው ሽቦ አጭር ነው፤ ቪ ፍሬን የሚፈልገው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱን ያጋባ ሰው እጀታውን እስከ መሪው ጨምቆም ፍሬኑ ሳይዝለት ይቀራል። ግልባጩ የባሰ ያሳስታል። ካንቲሊቨርን ከቪ ፍሬን እጀታ ጋር ስናስር እጀታው ድንጋይ ሆኖ ይጠነክራል፤ ሰው ደስ ይለዋል፣ ጠንካራ ፍሬን ያገኘ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ያ ጥንካሬ የጣታችን ጉልበት ወደ ቸርኬው እንዳልደረሰ የሚናገር ነው። ስለዚህ ከፍሬኑ በፊት እጀታው ይታያል። ለታጠፈ መሪ ካንቲሊቨር ወይም ክንዱ አጠር ያለው ሚኒ ቪ ይስማማል።

ማስተካከሉ የሚጀምረው ከጎማው ነው። የሚወላገድ ወይም መሐል ላይ ያልተቀመጠ ጎማ ላይ ፍሬን ማሰር ድካም ብቻ ነው። ከዚያ የፍሬኑ ላስቲኮች ይታሰራሉ። በሁለቱም ዓይነት ፍሬኖች ላይ ላስቲኩ እያለቀ ሲሄድ ወደ ታች፣ ወደ ቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ይሸሻል፤ ስለዚህ ሲታሰር ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ ይደረጋል። ጎማውን ግን በፍጹም መንካት የለበትም፤ ቁልቁለት ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ይህ ነው። የላስቲኩ የፊት ጫፍ ከኋላው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ማድረግ ጩኸቱን ያስቀራል። ዘዴው ቀላል ነው፤ በላስቲኩ የኋላ ጫፍና በቸርኬው መካከል የታጠፈ ካርቶን አስገብቶ፣ እጀታውን ጨምቆ ይዞ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። በግራና በቀኝ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከነካ በክንዱ ሥር ያለችውን የሞላ ብሎን ትንሽ ትንሽ ማዞር ነው። መጨረሻ ላይ እጀታውን በሙሉ ኃይል አሥር ጊዜ ጨምቆ፣ የላላውን ሽቦ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አይረሳ። ጎማ ለመፍታት ሽቦውን ከቪ ፍሬኑ ክንድ ያላቀቀ ሰው፣ ሲጨርስ መልሶ መግጠሙን በእጁ ጨምቆ ያረጋግጥ። ካልገጠመ ያ ፍሬን የለም ማለት ነው።

ቸርኬውም የፍሬኑ አካል ነው፤ ያልቃል። ብዙ ቸርኬዎች ላይ ማለቁን የሚያሳይ ቀጭን ጭረት ወይም ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ ምልክቱ ከጠፋ፣ ወይም ግድግዳው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ጊዜው ደርሷል። ላስቲኩ ላይ የተሰካ የአሉሚኒየም ብናኝ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ በመርፌ ማውጣት በጥቂት ደቂቃ የሚሠራ፣ ብዙ ዕድሜ የሚጨምር ሥራ ነው። የብረት ቸርኬ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ለዝናብ አላምናቸውም፤ ሲረጥቡ አይቆሙም።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዞ መንሸራተት ቸርኬውን ያግለዋል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲታይ ለቀቅ ማድረግና ነፋሱ ድርሻውን እንዲወስድ መተው፣ ከመታጠፊያው በፊት ደግሞ በሁለቱም ፍሬኖች አጥብቆ መያዝ ይሻላል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። ጓዙ ከባድ ከሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ጥላ ፈልጎ መቆም አያሳፍርም። ቸርኬው አጠገብ እጅ ሲጠጋ ሙቀቱ ይሰማል፤ እስኪበርድ ውሃ ጠጥቶ፣ ወንዙን ከላይ እያዩ መጠበቅ ነው።