የአሮጌ ሞተር ቮላኖ በመዶሻ አይወጣም

በጅማ ከተማ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የሞተር ጥገና ቤት ደጃፍ፣ ባለፈው ኅዳር አንድ ማለዳ ላይ ከቡና ወረዳ የመጣች አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከጭነት መኪና ወረደች። ሞተሯ ከወንዝ ውሃ እየሳበች ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእሸት ቡና መፈልፈያ ታቀርብ ነበር። ገመዷ ቢጎተት ቢጎተት አልነሳ ካለች ሁለት ቀን ሆኗታል።

እንደሚታወቀው ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በክምሩ ውስጥ መጋልና መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ስለሆነም በቀን 30 ኩንታል እሸት የሚቀበል ጣቢያ አንድ ቀን ቢቆም 5 ኩንታል ያህል የታጠበ ቡና ከእጁ ወጣ ማለት ነው። የዚህ ማኅበር ሰዎችም የሁለት ቀኑን እሸት ሳይፈለፈል አልጋ ላይ አስጥተው ጀንፈል ለማድረግ ተገደዋል።

ይህም ሆኖ የሞተሯ ብልሽት በግማሽ ቀን የሚጠገን ነበር። ወደ ጥገና ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ግን አንድ ሰው ቮላኖዋን ለማውለቅ በመዶሻ ደብድቧታል። የዋናው ዘንግ ጫፍ እንደ ተቀጠቀጠ የችካል ራስ ተዘርግቷል፤ የዳዶው ጥርስ ተደፍጥጧል፤ ከቮላኖው ክንፎችም ሁለቱ ረግፈዋል። ሽማግሌው መካኒክ አገላብጠው አዩዋትና፣ «ጌታዬ፣ በሽታዋስ ቀላል ነበር፤ የጎዳት ሐኪሟ ነው» አሏቸው የማኅበሩን ሰብሳቢ። ሰብሳቢውም ዝም አሉ።

ቮላኖ የሚባለው በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ክብ ከባድ ብረት ነው። በአነስተኛ የቤንዚን ሞተር ላይ ዘንጉ በፒስተኑ ምት መካከል ሳይንገራገጭ እንዲዞር ያደርጋል፤ በክንፎቹ ነፋስ እየገፋ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ በተቀበሩበት ማግኔቶች አማካይነትም ለካንዴላው እሳት ያስነሳል። በጣና ሐይቅም ሆነ በባሮ ወንዝ ላይ ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚታየው ሞተር ከዚህ ብዙ አይለይም። እርሱ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ቮላኖውም ከላይ በኩል በጋድም ይቀመጣል። አወላለቁ ግን አንድ ነው።

ቮላኖው ከመነካቱ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ አይደለምና። ቤንዚን መኖሩና ወደ ካርቡራተሩ መውረዱ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታና ሽቦው እንደ ተሰካበት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ፣ ከቀዳዳው ራቅ ብሎ፣ የፈሰሰ ቤንዚን በሌለበት ገመዱ ይጎተት። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳት አለ። ከሌለ በሌላ ደህና ካንዴላ ይሞከር። ያም ካልሆነ ወደ ማጥፊያው የሚሄደው ሽቦ ይላቀቅና እንደገና ይሞከር፤ አሁን እሳት ከመጣ ጥፋቱ የማጥፊያው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ብዙ ሞተሮች እሳት የሚያመነጨው ክፍል ከቮላኖው ውጭ ስለሚገኝ እርሱን ለመቀየር ቮላኖ ማውለቅ አያስፈልግም። በአሮጌዎቹ ግን ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ከቮላኖው ሥር ተሸፍነው ስለሚቀመጡ ሳይወልቅ አይደረስባቸውም።

የዲዝል ሞተር በካንዴላ ስለማይነድ ይህ ምርመራ አይመለከተውም። የወፍጮ ቤት ትልልቅ ዲዝሎች ቮላኖ ደግሞ ቢወድቅ እግር የሚሰብር ነውና ለባለሙያ መተው ይበጃል።

ቮላኖ ለምን ይጠብቃል? የዘንጉ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ በመሆኑና የቮላኖው ቀዳዳም በዚያው ልክ ስለተበሳ፣ ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር የቆረቆንዳ ውታፍ በጠርሙስ አፍ እንደሚጠብቀው ሁለቱ ይነካከሳሉ። ከዓመታት በኋላ ዝገት ሲጨመርበት ዳዶው ተፈትቶም እንኳ ቮላኖው ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው መዶሻ የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የካንዴላው ሽቦ ይነቀላል። የገመዱ ክዳን ሲፈታ ቡሎኖቹ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት ስለሚቻል ሲገጠም ግራ መጋባት አይኖርም። ዳዶው በሚፈታበት ጊዜ ቮላኖው አብሮ እንዳይዞር በጠንካራ ቀበቶ ተጠምጥሞ ይያዛል። በክንፎቹ መካከል ካቻቢቴ ወሽቆ መያዝ ክንፍ ማርገፍ ነው። ዳዶው ባብዛኛው ወደ ግራ ይፈታል፤ አልፎ አልፎ በተቃራኒው የሚፈታ አለና አልላቀቅ ካለ ጉልበት ከመጨመር በፊት ጥርሱን ማየት ይገባል። ከተፈታ በኋላ ፈጽሞ አይወጣም። ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይመለሳል፤ ይህም ጥርሱን ይጠብቃል፣ ቮላኖውም ሲላቀቅ ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ ያግደዋል።

ከዚህ በኋላ መካኒኮች ፑለር የሚሉት ማውለቂያ ይገጠማል። በብዙ ሞተሮች የቮላኖው እምብርት አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። የማውለቂያው ቡሎኖች በነዚያ ይታሰራሉ፤ የመካከሉ ትልቅ ቡሎን ዘንጉን እየገፋ ቀስ በቀስ ይጠብቃል። ጠብቆ ሲቆም የዚያ ቡሎን ራስ በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ መታ ይደረጋል፤ ካልወጣ ጥቂት ተጠብቆ ይደገማል። በመጨረሻ ጧ ብሎ ይላቀቃል። ቮላኖውን በጠርዙ ይዞ መጎተት ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። በእሳት ማጋልም የማግኔቱን ኃይል ያዳክማል፣ የዘይት መከላከያውን ጎማ ያቃጥላል። ዘንጉን በቀጥታ በመዶሻ መምታት ደግሞ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ዘንጉንም ሊያጎብጠው ይችላል።

ቮላኖው ሲወጣ ከዘንጉ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚያስተካክለው ትንሽ ብረት ይገኛል፤ አንዳንዱ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ይህ ብረት በከፊል ተቆርጦ ከሆነ ቮላኖው ከቦታው ስለሚሸሽ እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣል፤ ሞተሩ እሳት እያለው አይነሳም ወይም ገመዱን ከእጅ ይነጥቃል። በምስማር ቁራጭ መተካት አይገባም፤ ልኩ ተፈልጎ ይገዛ። ፑንቲናው ዘይት ወይም ጥቀርሻ ይዞ ከሆነ ይጸዳል፣ ክፍተቱም በሞተሩ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ይስተካከላል፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዘይት ከተገኘ የመጣበትን ማየት ያስፈልጋል፤ ባብዛኛው ያረጀው የዘንጉ ጎማ ነው። ሲገጠም የዘንጉ ጫፍና የቮላኖው ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው ይነካከሳሉ እንጂ ግራሶም ሆነ ዘይት አይቀቡም።

የማኅበር መሪዎች መካኒክ እንዲሆኑ አይጠበቅባቸውም። ነገር ግን ሞተሩን ማን እንደሚነካ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ማውለቂያው ውድ ወይም ረቂቅ መሣሪያ አይደለም፤ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ብረት ብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል። ዋናው የቡሎኖቹ ጥርስ መስማማት ነው። የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ አሮጌ ሞተሮች በኢንች የሚለካ ቡሎን ስለሚፈልጉ ሞተሩ ራሱ ተወስዶ ቢለካ ይሻላል። ምርመራውም ለቀማ ሳይጀመር በክረምቱ ቢደረግ ለዕቃ ፍለጋ ጊዜ ይኖራል። በጥቅምት የሚጀመር ጥገና ከእሸቱ ጋር እሽቅድምድም ነው።

ቦሳ ኪቶ የመጣችው ሞተር ዘንጓ አልተቃናም። ማኅበሩ ከሌላ አሮጌ ሞተር ዘንግ እስኪያፈላልግ የለቀማው ወቅት አለፈ። መካኒኩ ቮላኖዋን በማውለቂያ ስበው ካወጡ በኋላ ከሥሩ ያገኙት የመጀመሪያው ብልሽት፣ ፑንቲናው ላይ የደረቀ የዘይት ጉድፍ ነበር።