የውሃ መውጫ
በአንድ ክረምት ላሊበላ ሳለሁ መኪናዬ ውሃ አስገባች። ጥፋቱን በተላቀቀው የበር ጌጥ ላይ ጥዬ በብሎን አስመታሁት፤ የበሩንም የታች ጠርዝ በሲልከን አስደፈንኩ። ባሰበት! የመኪና በር ዝናብን ፈጽሞ አይከለክልም፤ በመስታወቱ ጎማ ያለፈው ውሃ በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይፈስሳል። ግማሾቹን የላስታ አቧራ፣ ቀሪዎቹን እኔ ደፍነናቸዋል። ብሎኑ የበሳው ቆርቆሮም ዛገ፤ ጌጡ የሚሻው የተሰበረውን ክሊፕ መተካት ብቻ ነበር።

ወደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ልሻገር። ፈልፋዮቹ በየግቢው የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ፈልፍለዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መጥቶ ሬንጁን አስነሣ። እንዲህ ያለው ልባጥ ቀድሞ የሰረገውን እርጥበት በድንጋዩ ውስጥ ያፍናልና። እኔም ሲልከኑን ፍቄ አነሣሁ።