ተማሪን ማገልገል ሙያ ሲሆን

በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያለው የተማሪ ሕይወት፣ ማለትም የዶርም አስተዳደሩ፣ የአዲስ ገቢዎች አቀባበሉ፣ የዲሲፕሊን ጉዳዩ፣ የተማሪ ማኅበራቱና የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱ፣ «የተማሪዎች ጉዳይ» በሚባል አንድ የሥራ ዘርፍ ይጠቃለላል። ዘርፉ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዲን ከሚያከናውነው ሥራ ጋር ቢቀራረብም፣ በአሜሪካ የራሱ የማስተርስ ዲግሪና የራሱ የሙያ ማኅበራት ያሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሙያ ነው። አስተሳሰቡን ከቀረጹት ሰነዶች አንዱ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው መግለጫ ሲሆን፣ ተማሪው በዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን በጤናው፣ በስሜቱ፣ በማኅበራዊ ግንኙነቱና በኑሮ አቅሙ ጭምር እንደ ሙሉ ሰው እንዲታይ ይጠይቃል።

ወደዚህ ሙያ ከሚገቡት መካከል ከቤተሰባቸው ቀድመው ኮሌጅ የደረሱ የውጭ አገር ተማሪዎች መንገድ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። «የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ» የሚለው ስያሜ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 የተተረጎመ ሲሆን፣ በጥቅሉ አባቱም እናቱም የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዙ ተማሪን ያመለክታል። ለእነዚህ ተማሪዎች አስጠኚና አማካሪ የሚመድቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመሩትና «ትሪዮ» በሚል የወል ስም የሚታወቁት ፕሮግራሞች ግን ለዜጎችና ሕጉ ለፈቀደላቸው ነዋሪዎች ብቻ በመሆናቸው፣ በኤፍ 1 ማለትም በመደበኛው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ወላጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑ እንኳ አይታቀፍባቸውም። ክሬዲት ምን እንደሆነ ወይም ኮርስ እስከ መቼ መተው እንደሚቻል ከወላጆቹ ጠይቆ ሊረዳ አይችልም፤ መምህርን ማክበር ማለት አለማስቸገር ነው ተብሎ ላደገ ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ቢሮ ማንኳኳቱ ራሱ ድፍረት ይመስለዋል።

የሙያው በር ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በኑሮ ግዴታ ነው። የኤፍ 1 ደንብ ተማሪው በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ እንዳይቀጠር የሚከለክል ሲሆን፣ በግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ስለማይፈቅድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ካፌውና ዶርሙ የመጀመሪያ የሥራ ቦታዎቹ ይሆናሉ። ከእነዚህ ሁሉ ተማሪን ለሙያው በይበልጥ የሚያዘጋጀው «አር ኤ» የሚባለው ሥራ ነው፤ አር ኤ በአንድ የዶርም ፎቅ የሚኖሩ ተማሪዎችን በቅርብ የሚከታተል፣ በምላሹም አብዛኛውን ጊዜ ነጻ መኝታ የሚያገኝ ተማሪ ነው። ተራው ሲደርስ የተረኛውን ስልክ ይዞ ሌሊት ፎቅ ለፎቅ ይዞራል፣ ቁልፉን ክፍል ውስጥ ረስቶ ለተዘጋበት ይከፍታል፣ በጩኸት የተጣሉ የክፍል ጓደኞችን ያስታርቃል፣ ውጤቱ ተበላሽቶበት ከሚያለቅስ ልጅ አጠገብ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም የሆነውን ሁሉ ለኃላፊው በሪፖርት ይጽፋል። በክረምቱ ዕረፍት ዶርሙ ሲዘጋ መሄጃ የሌለው የውጭ አገር ተማሪ እንዳለ ቀድሞ የሚያስበውም ያው ችግር የደረሰበት አር ኤ ነው። ኃላፊው በዚሁ ሥራ ማስተርስ ያለው ሰው መሆኑን ሲረዳ፣ ሲያገለግልበት የቆየው ነገር የዕድሜ ልክ ሙያ መሆኑን ይገነዘባል።

ማስተርሱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ ብዙዎች በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በዶርም ወይም በተማሪ ጽሕፈት ቤት እየሠሩ በምላሹ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናሉ። ልጃቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ለተመኙ ወላጆች ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ይሁንና ከባዱ ፈተና የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። ተመራቂው ኦ ፒ ቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል፤ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዘርፎች ለተመረቁ የሚሰጠው የ24 ወር ማራዘሚያ ግን ለዚህ ሙያ አይደርሰውም፤ በእነዚያ 12 ወራት ውስጥም ያለ ሥራ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። በሌላ በኩል ኤች 1 ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ ለኩባንያዎች በዓመት በ65,000፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ተጨማሪ በሆነ 20,000 ኮታ ሲገደብ፣ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ ከኮታው ነጻ በመሆናቸው ለዕጣው ሳይጠብቁ ማመልከት ይችላሉ። ሆኖም የማመልከት ግዴታ ስለሌለባቸው፣ ተማሪው ይህን መጠየቅ ያለበት ለሥራው ቃለ መጠይቅ በቀረበበት ጊዜ እንጂ ፈቃዱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት መሆን የለበትም።

በጣም የሚያሳዝነው ግን ለዚህ ሰው በተፈጥሮ የሚስማማው የሥራ ቦታ፣ ማለትም የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት፣ በከፊል የተዘጋበት መሆኑ ነው። የተማሪውን የቪዛ ሁኔታ በሚያረጋግጠው አይ 20 በተባለው ሰነድ ላይ የመፈረምና በፌዴራሉ የተማሪዎች መዝገብ ውስጥ የመሥራት ሥልጣን ያለው ኃላፊ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን እንዳለበት ደንቡ ያዝዛል። መንግሥት መዝገቡን ለሚታመን ሰው ልስጥ ማለቱ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያዎች ፊርማውንና አማካሪነቱን በአንድ መደብ ሲያጣምሩ፣ ለምክሩ ከሁሉ የተሻለው ሰው ገና ሳያመለክት ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን መደቦች ቢለዩ፣ አዲስ ገቢዎችን የሚቀበለው፣ የባንክ ሂሳብ አከፋፈቱን የሚያሳየውና የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጭንቀት የሚያደምጠው ሠራተኛ ያንኑ መንገድ የሄደ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አይ 20ውን የሚፈርመው ደግሞ በአጠገቡ ያለው ባልደረባ ይሆናል።