የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ ደሙን ስለ መለካቱና ስለ ጾሙ

ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ጎሮ ድረስ የተጓዘ ሰው የባሌን ስንዴና ገብስ ሳያደንቅ አያልፍም። ዳቦው፥ ጠላው፥ ማሩ የቤት ክብር፥ የእንግዳም መቀበያ ነው። የስኳር ሕመም በገባበት ቤት ግን ይህ ሁሉ በረከት በልክ ካልተወሰደ መዘዝ ያመጣል፤ ልኩንም በዓይን መገመት አይቻልም፤ ደሙ መለካት አለበት። ለዚህ ሲባል በየዕለቱ ከጎሮ ተነሥቶ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መመላለስ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በቤት ስለሚደረገው ልኬት፥ ይልቁንም በጾም ወራት ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ቀደም ባለው ዘመን ሕመምተኛው በቤቱ ስኳሩን የሚገምተው በሽንቱ ነበር። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር ሕመምተኛ የተሰጠው በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው በቤቱ ደሙን መለካት እስኪችል ድረስ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የወጣው የመጀመሪያው መለኪያ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር፤ የታሰበውም ለሐኪም ቤት ነበር። የዛሬው ግን በመዳፍ ውስጥ ይገባል፤ አንዲት ጠብታ ደምም ትበቃዋለች።

አለካኩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ እጅን በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ ማር የቆረጠ ወይም ብርቱካን የላጠ እጅ ሳይታጠብ ቢለካ መሣሪያው በጣት ላይ የቀረውን ስኳር አብሮ ስለሚቆጥር የሌለውን ከፍታ ያሳያል። ከዚያም ስትሪፕ የምትባለውን ስስ መለኪያ በመሣሪያው ሰክቶ የጣትን ጎን መውጋትና ጠብታዋን ማስነካት ነው፤ ጎኑ ከጫፉ ይልቅ ሕመሙ ይቀላልና። ስትሪፖቹ በራሳቸው ዕቃ ተከድነው ይቀመጡ፤ ከምድጃ አጠገብም ሆነ የደጋው የሌሊት ብርድ በሚያገኛቸው ስፍራ አይኑሩ፤ ጊዜያቸው ያለፈባቸውም አይታመኑም። መውጊያው መርፌ ለባልና ለሚስት እንኳ የጋራ አይሆንም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለና።

ለብዙ ጎልማሶች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፥ መብላት ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላም ከ180 በታች መልካም ነው፤ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ግን ሐኪሙ ሌላ ልክ ሊሰጥ ይችላል። መሣሪያችሁ እንደ 5.6 ያለ ነጥብ ያለበት ቁጥር ቢያሳይ አትደንግጡ፤ በሌላ መስፈሪያ ይቆጥራልና በ18 ስታባዙት ይገለጣል። ቁጥሩን አይቶ መርሳት ግን ከንቱ ድካም ነው። ስትሪፕ በገንዘብ የሚገዛ ነውና፥ ሐኪሙ በሚመርጥላችሁ ሰዓት ለክታችሁ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የተበላውንና የተወሰደውን መድኃኒት በደብተር ጻፉ። እናት መጻፍ ባይችሉ የተማረው ልጃቸው ይጻፍላቸው። በቀጠሮ ቀን ያ ደብተር ከብዙ ቃል ይልቅ ለሐኪሙ ይናገራል።

አሁን ወደ ጾሙ ነገር እንምጣ። ኢንሱሊን የወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒን የዋጠ ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ፥ መድኃኒቱ ምግቡን አይጠብቅም፤ በደም ያለውን ስኳር ያወርደዋል። ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ የልብ ምት መፍጠን፥ ግራ መጋባት ሲታይ «የጾም ድካም ነው» ብሎ መታገሥ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ወዲያው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሰዓት ሳይጠበቅ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ይለካ፤ ከፍ ካላለ ይደገም፤ ከፍ ካለም በኋላ ምግብ ይከተል። መለኪያው በአጠገብ ከሌለ ስኳሩ ይቅደም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ግን ምንም አይጨመር፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። እንዲሁም ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ትውከትና ብርቱ ጥማት ቢኖር ማደር አይገባም።

ይህን የምንጽፈው ጾምን ለማቃለል አይደለም። ሕመምተኛ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ አንዱ መድኃኒቱንና ሰዓቱን ያስተካክልለታል፥ ሁለተኛው እንደ ዓቅሙ የሚጾምበትን መንገድ ያሳየዋል። ቤተ ክርስቲያናችን በሕመምተኛ ላይ ከዓቅሙ በላይ አትጭንምና። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሐኪምን እንድናከብር መጽሐፈ ሲራክ ይመክረናልና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ለእናታችሁና ለአባታችሁ መለኪያውን መግዛት ብቻ አይበቃም፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ቁጥሩን አንብቡላቸው፥ ጻፉላቸውም። እግዚአብሔር ጤናውን ያድለን።