ወንዙ ከመሙላቱ በፊት፦ የጎርፍ ትንበያ ለቁም እንስሳት ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የጣለው የኤል ኒኞ ዝናብ የጁባንና የሸበሌን ወንዞች ከዳር እስከ ዳር አጥለቀለቀ። አብዛኛው የበለድወይን ከተማ በውሃ ተዋጠ። በሶማሊያ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የጎርፉ ገፈት ቀማሽ ሆኑ። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል መንገዶች ተቆረጡ፣ ከብቶችም ሞቱ። ገዝቶ መንገድ የጀመረ ነጋዴ ወይ መንጋውን ይዞ ውሃው እስኪጎድል መኖ እየገዛ ይጠብቃል፣ ወይም ባለበት ቦታ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በሸበሌ ዳር አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው። የሁለቱ ወንዞች ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ነው። በለድወይን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በባሌና በአርሲ የጣለው ዝናብ ቆላው ላይ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ለነጋዴ ገንዘብ የሚሆኑት እነዚህ ቀናት ናቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት እዚህ ላይ አዲስ ነገር አምጥቷል። ቀድሞ የወንዝን ሙላት ለመተንበይ በዚያው ወንዝ ላይ ለብዙ ዓመታት የተለካ መረጃ ያስፈልግ ነበር። በአፍሪካ ቀንድ ግን መለኪያ ጣቢያ የሌላቸው ወንዞች ብዙ ናቸው፤ ጦርነትና የበጀት እጥረት ያቋረጣቸው ጣቢያዎችም አሉ። አዲሶቹ ሞዴሎች በዓለም ዙሪያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጣቢያዎች ዝናብ፣ የመሬት ተዳፋትና አፈር እንዴት ወደ ወንዝ ሙላት እንደሚለወጡ ይማራሉ፤ የተማሩትንም ያልተለካ ወንዝ ላይ ይተገብራሉ።

የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ለከባድ ጎርፍ ሞዴላቸው አምስት ቀን ቀድሞ የሚሰጠው ትንበያ፣ ነባሩ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው ግምት ጋር የሚስተካከል ወይም የሚሻል መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ሞዴል የሚሠራው ፍለድ ሀብ የተባለ ካርታ በስልክ በነፃ ይከፈታል፤ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ያለውን የወንዝ ሁኔታ በማስጠንቀቂያ፣ በአደጋና በከፍተኛ አደጋ ደረጃ ለይቶ ያሳያል። ኢክፓክ በመባል የሚታወቀው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም የየወቅቱንና የየሳምንቱን የዝናብ ትንበያ ያወጣል። በሶማሊያ ደግሞ የፋኦው ስዋሊም ለጁባና ለሸበሌ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ሞዴሉ የማያያቸው ነገሮች አሉ። ካርታው የሚያገለግለው ለትልልቅ ወንዞች ነው። በሞያሌ ወይም በዋጂር መንገድ ላይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ በሰዓታት የሚመጣን ደራሽ ውሃ ከዚያ መጠበቅ አይገባም። ከግድብ የሚለቀቅ ውሃም ስሌቱን ሊያዛባ ይችላል። በታችኛው ሸበሌ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወንዙ ደለል እየቆለለ ከሜዳው ከፍ ብሎ ስለሚፈስ፣ ገበሬው ለመስኖ የቀደደው የወንዝ ዳር ካልተደፈነ መካከለኛ ሙላት እንኳ ሰፊ መሬት ያጥለቀልቃል። የተቀደደውን ቦታ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። ስለዚህ ካርታውን ዓይቶ ከወንዙ ላይኛ ክፍል ካለ ደላላ ወይም እረኛ ጋር ስልክ የሚደዋወል ነጋዴ ከሁሉም ይሻላል።

«ትንበያው ቢዋሽስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። ለአብነት አንድ ነጋዴ 100 በጎች በወንዝ ዳር አሉት እንበል፤ ዋጋቸው 600,000 ብር ነው። መንጋውን ወደ ከፍታ ቦታ አውጥቶ ለአንድ ሳምንት ለመኖ፣ ለውሃና ለእረኛ 30,000 ብር ያወጣል። ባይነሳና ጎርፉ ቢመጣ ግማሹን፣ ማለትም 300,000 ብር ያጣል። 30,000 ለ300,000 ሲካፈል 10 በመቶ ነው። እንግዲህ የጎርፉ ዕድል ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ መነሳቱ ያዋጣል። ከአምስት ማስጠንቀቂያዎች አራቱ ሐሰት ቢሆኑ እንኳ በአምስት ጊዜ 150,000 ብር አውጥቶ 300,000 ያድናል። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የሚያስከፋ ቢሆንም ለዚህ ነጋዴ አያከስረውም። የሌላው ነጋዴ ቁጥር የተለየ ነው፤ ግመል በእግሩ ይወጣል፣ ኢሱዙ ላይ የተጫነ ፍየል ግን በጭቃ መንገድ ይያዛል። ሁሉም የራሱን ወጪና ኪሳራ ከዝናቡ በፊት ማስላት አለበት።

ጎርፉ ከጎደለ በኋላ የሚመጣው ግን ከዚህ የከፋ ሊሆን ይችላል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የሚያስተላልፉ ትንኞች እንቁላል በደረቅ መሬት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ሲተኛበት ይፈለፈላል። በጎችና ፍየሎች በጅምላ ያስወርዳሉ፣ ግልገሎች ያልቃሉ፣ ሰውም ይታመማል። ከ1997–98ቱ የኤል ኒኞ ጎርፍ በኋላ በሽታው በኬንያና በሶማሊያ ሲነሳ ሳዑዲ አረቢያ ከቀንዱ የሚመጡ እንስሳትን አገደች። በ2000 የተጣለው ሁለተኛው እገዳ የተነሳው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት ጎርፍ ያልነካው የበርበራና የቦሳሶ ነጋዴ ጭምር ገበያውን አጣ።

ይህም አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። በ2006 ናሳን ጨምሮ ተመራማሪዎች ከውቅያኖስ ሙቀትና ከሳተላይት የዕፅዋት ምስል ተነስተው አስጠነቀቁ፤ ፋኦም በኖቬምበር ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዲሴምበር በሽታው ጋሪሳ ላይ ተገኘ። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር፤ ለክትባት የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነበር። ክትባት የሚሰጠው ከዝናቡ በፊት ነው። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ አንድን መርፌ ለብዙ እንስሳት መጠቀም ቫይረሱን ያዛምታል። ነባሩ ስሚዝበርን ክትባት ደግሞ እርጉዝ እንስሳትን ሊያስወርድ ስለሚችል ለእነሱ አይሰጥም።

ዘንድሮና በሚቀጥሉት ዓመታት ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል፣ ለሐጅ የሚደረገው ትልቁ ግዢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሚጥለው የጉ ዝናብ ጋር እየገጠመ ነው። ነጋዴው አብዛኛውን ገንዘቡን መንጋ ላይ የሚያውለው ወንዞቹ በሚሞሉበት ወቅት ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ከግዢ በፊት የኢክፓክን የወቅት ትንበያ ማየት፣ መደበኛ ያልሆነ ዝናብ ከተባለ በክትባት ጉዳይ የእንስሳት ሐኪም ማማከር፣ መንጋው መንገድ ላይ እያለ በየቀኑ የወንዙን ካርታ መክፈትና አማራጭ ማረፊያ ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ስልክና ጥቂት ደቂቃ ነው። ሸበሌ ሲሞላ ግን ጊዜ አይሰጥም።