በግ ሕመሙን በምን ይናገራል?

የሰው ሐኪም በሽተኛውን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጠይቃል። የከብት ሐኪምስ ማንን ይጠይቅ? በግ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሕመሙን የሚናገረው በአመሉ ነው። አመሉን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው አብሮት የሚውል እረኛና ባለቤቱ ነው።

ጤነኛ በግ ከመንጋው አይለይም። ይግጣል፤ ጠግቦ ሲተኛ ያመሰኳል፤ ሰው ሲጠጋው ይሸሻል። ይህ አመሉ ሲለወጥ መጠርጠር ያሻል።

እኛ ዘማቾች ብልባላ ሳለን አንድ አባት በጋቸውን አሳዩን። በጉ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ባንድ ቦታ ይዞራል። «ልጆቼ፣ ጋኔን ለክፎብኛል። ለቅዳሜ ላሊበላ ገበያ አውጥቼ ልሽጠው እንዴ?» አሉን። እኛም ስላላወቅነው የከብት ሐኪም ጠየቅን። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ወደ የት ጎን ነው የሚዞረው?» አሉ። በሽታውን ያወቁት ከአባታችን መልስ ነው።

በሽታው አዙሪት ይባላል። የሚመጣው ከጋኔን ሳይሆን ከውሻ ሆድ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ እንደ ኮሶ ያለ ትል ይኖራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል። በግ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል፤ እዚያም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለወራት ያድጋል። ከረጢቱ አንጎሉን ሲጫነው በጉ ይዞራል፤ ይደናበራል፤ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል። በጉ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ውሻው ከረጢቱን ይበላል፤ ትሉም በአንጀቱ እንደገና ያድጋል።

አባታችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ በጌን ያሳመምሁት የፋሲካውን ጭንቅላት ለውሻዬ ስጥል ነው» አሉ። በጉንም አልሸጡትም፤ የገዢው ውሻ ጭንቅላቱን ቢያገኝ በሽታው ወደ ሌላ ቤት ይሻገራልና።

ስለዚህ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ አትስጡ። አቃጥሉት፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ለውሻችሁም የትል መድኃኒት ከሐኪም ጠይቁ። የሚዞር በግ ሁሉ አዙሪት የያዘው አይደለምና ለሐኪም አሳዩ። ስትሄዱም መቼ እንደ ጀመረው፣ ወዴት እንደሚዞር፣ መብላቱንና ማመስኳቱን አስተውላችሁ ሂዱ። አሁን መጻፍ ችላችኋልና በወረቀት ያዙት።